አፓርታማ ወይስ ግቢ ቤት? ጎጃም ላይ ቤት የሚፈልግ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

ስድስት ዓመት ባህር ዳር ሶስተኛ ፎቅ ላይ ኖሬያለሁ፣ አሁን ደብረ ማርቆስ ግቢ ቤት ነኝ፤ ቤት ሊገዛ ወይም ሊከራይ ያሰበ ወዳጅ በደወለ ቁጥር የሚጠይቀኝን እነሆ።

በአንድ ቃል ንገረኝ፣ የትኛው ይሻላል?

በአንድ ቃል ከሆነ፣ ልጅና ዘመድ ለሚበዛበት ቤት ግቢ፣ ጠዋት ወጥተው ማታ ለሚገቡ ሁለት ሰዎች ፎቅ። ግን ይቺን ሰምታችሁ ቀብድ እንዳትከፍሉ።

ቤት ሊያይ የሚሄድ ሰው ክፍል ይቆጥራል። ሁለት መኝታ፣ ሶስት መኝታ፣ ሳሎኑ ሰፊ ነው፣ ሴራሚኩ ያምራል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ኋላ ላይ ያማረረኝ ግን ከክፍሎቹ አንዱም አይደለም። ከበሩ ውጭ ያለው ነው። ውሃው የት ይጠራቀማል? አምስት እንግዳ ከገጠር ቢመጣ የት ያርፋል? የጋራው ቧንቧ ሲፈነዳ የሚከፍለው ማነው? ሰው ቢሞትባችሁ ድንኳኑ የት ይተከላል? እነዚህን ስትመልሱ ምርጫው ራሱ ይወጣል።

አፓርታማና ኮንዶሚኒየም ልዩነት አላቸው እንዴ?

በሰው አፍ አላቸው። ባህር ዳር ወይም ማርቆስ ላይ «ኮንዶሚኒየም» ስትሉ ሰው የሚመጣለት መንግሥት አሠርቶ ያስተላለፈው፣ ሊፍት የሌለው ህንፃ ነው። «አፓርታማ» ሲባል ደግሞ ግለሰብ ወይም ድርጅት የሠራው፣ አጨራረሱ ደህና የሆነ ይታሰባል። ደላላው ግን ሁለቱንም አፓርታማ ነው የሚላቸው፤ ቃሏ ዋጋ ትጨምራለች።

ህጉ እዚህ ልዩነት ውስጥ አይገባም። የጋራ ህንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚያየው ለየብቻ ባለቤት ያላቸው 5 ወይም ከዚያ በላይ ቤቶችና የጋራ መገልገያዎች መኖራቸውን ነው። ወደ ላይ የተደረበ ይሁን ወደ ጎን በረድፍ የተሠራ ለውጥ የለውም። ስለዚህ ከዚህ በታች «ፎቅ» ስል ሁለቱንም ማለቴ ነው።

ግቢ ቤት ሲባል የግድ ቪላ ነው?

አይደለም። ባለ አጥር የጭቃ ቤትም ግቢ ቤት ነው፣ በብሎኬት የተሠራ ቪላም ግቢ ቤት ነው። ዋናው ነገር አጥሩና በሩ የእናንተ መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። አምስት ተከራይ አንድ ሽንት ቤትና አንድ የውሃ ቆጣሪ የሚጋራበት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል መከራየት «ግቢ ቤት መኖር» አይባልም። እሱ ፎቅ የሌለው ኮንዶሚኒየም ነው፤ ያውም ባለቤቱ መስኮት ላይ ቆሞ ስንት ባልዲ እንደቀዳችሁ የሚቆጥርበት።

ወጪው የትኛው ይከብዳል?

ሲገዛ ግቢው፤ ቦታውን ነውና የምትገዙት። ከተገዛ በኋላ ያለው ወጪ ግን መልኩ ይለያያል። ፎቅ ላይ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ትከፍላላችሁ፣ ለጥበቃ፣ ለጽዳት፣ ለደረጃው መብራት። ግቢ ቤት ዝም ብሎ ይቆይና አንድ ቀን ያስደነግጣችኋል። ቆርቆሮው ይዝጋል። የሽንት ቤት ጉድጓዱ ይሞላል፤ መጣጭ መኪና ስትጠሩ መኪናው መንገዱ ጠቦት አይገባም። አጥሩ በክረምት ዝናብ ይደረመሳል። የኔ አጥር የተደረመሰው በነሐሴ፣ ሲሚንቶ በጠፋበት ሰሞን ነው። ለሶስት ሳምንት በእሾህና በቆርቆሮ ሸፍነን ሰነበትን፣ የጎረቤት በግ በነፃ ሲገባና ሲወጣ።

የትራንስፖርቱንም ቁጠሩት። ግቢ ቤት ርካሽ መስሎ ከታያችሁ ብዙ ጊዜ ከተማው ዳር ስለሆነ ነው። ባህር ዳር ላይ አባይ ማዶን «ሩቅ ነው» ብሎ የሚያጣጥል ሰው ድሮ ብዙ ነበር። 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የአባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ከተመረቀ ወዲህ ግን ወሬው ተቀይሯል። ቢሆንም ሁለት ልጅ ትምህርት ቤት በባጃጅ እያመላለሳችሁ የወሩን ሂሳብ ደምሩት። ከኪራይ ልዩነቱ ሊበልጥ ይችላል።

ውሃ ፎቅ ላይ ይወጣል?

ይሄን ጥያቄ ቤቱን ስታዩ ደላላውን እንዳትጠይቁት። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችውን ሴትዮ ጠይቋት። ከተቻለ ቀን ሳይሆን ማታ ሂዱና በሯ ላይ ስንት ጀሪካን እንደተደረደረ እዩ።

እኛ ህንፃ ላይ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነበር የሚመጣው። ቧንቧው መጀመሪያ ያስነጥሳል። ፍስ፣ ፍስ፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ፣ ከዚያ ንጹህ ውሃ። ያንን ማስነጠስ በእንቅልፌ እሰማው ነበር። ታች ያሉት ከፍተው እየሞሉ ስለሆነ እኛ ጋ ሲደርስ ክር ያህል ነው። አንዳንድ ሌሊት ጭራሽ አይደርስም። ያን ጊዜ ታች ወርዶ ቀድቶ መሸከም ነው። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፣ 20 ኪሎ ማለት ነው። በሁለት እጅ 40 ኪሎ ይዞ ሶስት ፎቅ መውጣት ጂም መሄድ ያስቀራል፣ ወገብ ግን ይሰብራል።

«ሮቶ በረንዳ ላይ እናስቀምጣለን» የምትሉ ቆም በሉ። 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ 2 ቶን ይመዝናል። በረንዳ ለዚያ አልተሠራም። ህንፃው የጋራ ታንከርና ፓምፕ ካለው ግን ጨዋታው ሌላ ነው፤ ፓምፑ መሥራቱንና ሲበላሽ ማን እንደሚያሠራው ብቻ ጠይቁ። ግቢ ቤት ላይ ሮቶውን ከፍ ባለ ማማ ላይ ታስቀምጡታላችሁ፣ የዝናብ ውሃም ከቆርቆሮው ላይ ትጠልፋላችሁ። የክረምቱ ዝናብ ለልብስና ለአትክልት በነፃ የሚሰጠውን ውሃ ፎቅ ላይ ቆማችሁ ከመስኮት ታዩታላችሁ።

እንጀራ፣ በርበሬ፣ ጠላስ? ፎቅ ላይ ይሆናል?

እንጀራው ይሆናል፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ። ምጣዱ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ሊስብ ይችላል፤ ስለዚህ መስመሩ ያረጀ ህንፃ ላይ አራት ቤት ቅዳሜ ጠዋት አንድ ላይ ሲጋግር ቆጣሪው ይወድቃል። እኛ ደረጃ ላይ ተጠራርተን በተራ ነበር የምንጋግረው፤ የነ እትዬ ተራ እስኪያልቅ ሊጡ ይቆመጥጣል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አማራጭ የለም። ግቢ ውስጥ ጓሮ የምትጨስ አንዲት ማዕድ ቤት ካለቻችሁ መብራት ጠፋ አልጠፋ እንጀራ ይበላል።

በርበሬ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ባለቤቴ አንድ ጥቅምት በረንዳው ላይ በርበሬ አሰጣች፣ ጥሩ። ቀጥሎ ማመስ ጀመረች። በሩብ ሰዓት ውስጥ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ፎቅ ያለ ሰው በሙሉ እያስነጠሰ ደረጃው ላይ ወጣ። አንድ ጎረቤታችን «ኧረ በማርያም፣ ልጄ አስም አለበት» ብላ መጣች፤ እሷም እውነቷን ነው፣ እኛም አፈርን። ከዚያ ወዲህ በርበሬው እናቴ ዘንድ ገጠር እየተሰናዳ ይመጣ ነበር። ጠላም እንዲሁ ነው። ጥንስሱ ይጠነሰሳል፤ ጋኑን ሶስተኛ ፎቅ የሚያወጣው ግን ማነው? በፋሲካ በግ ማረድ ካሰባችሁ ደግሞ ደሙ የሚፈስበትን፣ ቆዳው የሚሰጣበትን ቀድማችሁ ከህንፃው ኮሚቴ ጋር ተነጋገሩ። በጓን በረንዳ ላይ አሳድሮ ሌሊቱን ሙሉ ህንፃውን ያስጮኸ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

ለቅሶና ድግስ ሲመጣስ?

እዚህ ላይ ግቢ ይበልጣል፤ ብዙ ሰው ደግሞ ቤት ሲመርጥ የሚረሳው ይሄን ነው። የጎጃም ለቅሶ በአንድ ቀን አያልቅም። ከሞጣ፣ ከቢቸና፣ ከአዴት ዘመድ ይመጣል፣ ያድራል፣ ይሰነብታል። 40 አለ፣ ተዝካር አለ። ፎቅ ላይ ድንኳኑ ታች የጋራው ግቢ ላይ ይተከላል፣ ይሄ ችግር የለውም፣ ጎረቤትም ይተባበራል። ማብሰያው፣ ማደሪያው፣ ሽማግሌው ሽንት ቤት የሚሄድበት ግን ሶስተኛ ፎቅ ነው። አጎቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ለአባቴ ለቅሶ መጥተው ደረጃውን አንዴ ወጥተው «እኔስ እዚሁ እቀመጣለሁ፣ ውሃ አውርዱልኝ» አሉ። ሁለት ቀን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀመጡ፣ ማታ ማታ ታች ያለችው ጎረቤት ታሳድራቸዋለች።

ስለ እድር ግን የሚወራው ሁሉ እውነት አይደለም። «ኮንዶ ላይ ሰው አይተዋወቅም» ይባላል። እኛ ህንፃ ላይ እድር ነበረ፣ ወንበሩም ድስቱም ደረጃው ሥር ተቆልፎ ይቀመጥ ነበር። እንዲያውም ግቢ ቤት ከገባሁ በኋላ ጎረቤቶቼን ለማወቅ አራት ወር ፈጀብኝ፤ ሁሉም በሩን ዘግቶ ነውና።

ልጆችና ትልልቅ ሰዎች ካሉኝ?

እናታችሁ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ሊፍት የሌለው ህንፃ ላይ ከአንደኛ ፎቅ በላይ አትሂዱ። ላይ ወጥተው ይቀራሉ። እናቴ ባህር ዳር ስትመጣ ቅዳሜ ገብታ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ አትወርድም ነበር፣ ቤተ ክርስቲያንም በመስኮት ነው የምትሳለመው። ማርቆስ ከገባን ወዲህ ጠዋት ተነስታ ጌሾዋን ታያለች፣ ጎመኗን ትኮተኩታለች፣ ማንም ሳይሸኛት ታስቀድሳለች። መድኃኒት አልተቀየረላትም።

ለልጅ ሁለቱም መልካም ጎን አለው። ፎቅ ላይ ሃያ የእድሜ እኩያ ታች ይጠብቀዋል፣ ኳስ አለ፣ ጩኸት አለ። የበረንዳውን አጥር ከፍታ ግን በእጃችሁ ለኩት። ግቢ ውስጥ ጭቃ ያቦካል፣ ዛፍ ይወጣል፣ ግን ብቻውን ነው። የውሃና የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ያለው መሆኑን ሳታዩ ልጅ ይዛችሁ ግቢ ቤት አትግቡ።

ባህር ዳርና ማርቆስ አየሩ ስለሚለያይ ምርጫው ይቀየራል?

ትንሽ ይቀየራል። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ አካባቢ ላይ ናት፣ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ። ባህር ዳር መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከጣሪያው ቀጥሎ ያለው የመጨረሻው ፎቅ ምድጃ ነው። ማታ እንኳ ጣሪያው ቀን የጠጣውን ሙቀት ይተፋል። በተቻለ ከላይ አንድ ፎቅ ዝቅ በሉ። ከክረምት መውጫ ጀምሮ ደግሞ ወባ አለ፤ ፎቅም ይሁን ግቢ መስኮቱ ወንፊት ያለው ይሁን፣ ግቢ ከሆነ ውሃ የሚያቁር ነገር አታስቀምጡ።

ማርቆስና እንጅባራ ላይ ጠላታችሁ ብርዱ ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ሐምሌ ላይ ለሊት ያንቀጠቅጣል፣ ዝናቡ ሲመታው ደግሞ ሰውና ሰው አይሰማማም። እዚህ ላይ ሰው የሚንቀውን የጭቃ ቤት ላሞግስ። በደንብ በጭድ የተቦካ፣ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ቀን ይቀዘቅዛል፣ ማታ ይሞቃል። ስስ ብሎኬት ይህን አይሰጣችሁም። ችግሩ እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል፣ እግሩን ውሃ ይነካዋል፤ ከሥር የድንጋይ መሠረት ያለውና በየዓመቱ የሚለቀለቅ ከሆነ ግን ብዙ ዘመን ይቆያል። ስትገዙ የግድግዳውን እግር በጣት ጫን ጫን አድርጋችሁ እዩ። ደጀንና ቢቸና አካባቢ፣ መረሬ አፈር ላይ ከሆነ ደግሞ ስንጥቁን ተመልከቱ። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ጥልቅ መሠረት የሌለው ቤት አብሮት ይሰነጠቃል።

ለሌባ የሚመቸው የትኛው ነው?

ቆልፋችሁ ለወር መንገድ የምትሄዱ ከሆነ ፎቅ ይሻላል። ጎረቤት አለ፣ ጥበቃ አለ፣ አንድ በር ነው። ግቢ ቤት ሰው ይፈልጋል። ውሻም ቢሆን የሚያበላው ሰው ይፈልጋል።

መንገድ በሚዘጋበትና ገበያ በሚቆምበት ሰሞን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሁለት ኩንታል ጤፍ፣ ከሰል፣ የተጠራቀመ ውሃና ጓሮ ጎመን ያለው ግቢ ሁለት ሳምንት ሳይደናገጥ ይከርማል። ያለፉት ዓመታት ይህን አስተምረውናል፣ ዝርዝሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ሰርቪስ ቤት አከራይቼ ዕዳዬን ልክፈል ብዬ ግቢ ልግዛ?

ማርቆስና ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ አለባቸው፣ ሠራተኛም ይዘዋወራል፣ ተከራይ አይጠፋም። ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ነው ቤቱን የጨረሰው። ብቻ ሰርቪሱ በካርታውና በግንባታ ፈቃዱ ላይ መኖሩን አረጋግጡ። ከፈቃድ ውጭ የተቀጠለ ክፍል ስም ሲዛወር ያስቸግራችኋል፣ ሲብስም ይፈርሳል። ሻጩ «ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚሠራው» ይላል። ልክ ነው፣ ሁሉም ሰውም እንዲህ ነው የሚቀጣው።

ቆጣሪውን ደግሞ ለየብቻ አድርጉ። በተከራይና በአከራይ መካከል ያየሁት ጠብ ከአስሩ ስምንቱ የመብራት ሂሳብ ነው።

ተከራይ ከሆንኩ መብቴ ላይ ለውጥ አለው?

ፎቅም ግቢም አንድ ናቸው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ይላል፤ ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያደርጋል። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። በክልል ከተሞች የሚሠራው ግን ክልሉ በወሰናቸው ላይ ስለሆነ፣ የከተማችሁ ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ እዚያው ጠይቁ።

አዋጁ ባይደርስላችሁ እንኳ በጽሑፍ ተዋዋሉ። ስድስት ወር ቅድሚያ ከፍሎ በሁለተኛው ወር «ልጄ ልታገባ ነው፣ ልቀቁ» የተባለ ሰው ቤት ሻይ ጠጥቻለሁ። ልጅቷ አሁንም አላገባችም።

ፎቅ ላይ የጋራውን ወጪ አልከፍልም የሚል ጎረቤት ቢኖርስ?

ይኖራል፣ አትጠራጠሩ። እኛ ጋ የነበረው ታች የሚኖር ነበር፣ «እኔ ደረጃ አልወጣም፣ ለደረጃ መብራት ለምን እከፍላለሁ?» ይል ነበር። ላይ ያለው ደግሞ «የፍሳሹ መስመር የተደፈነው ታች ነው» ይላል። በ370/1995 አዋጅ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ የፍሳሽ መስመሩ፣ ግቢው የሁሉም ነው፤ ባለቤት የሆነ ሁሉ ድርሻውን ይከፍላል፣ አልጠቀምበትም ማለት አያስቀርም። የባለቤቶቹ ማህበር የህግ ሰውነት አለው፤ መክሰስም መከሰስም ይችላል።

በተግባር ግን ፍርድ ቤት የሄደ ማህበር እኔ አላየሁም። እኛ የፈታነው በሽማግሌ ነው። ሶስት ሰው ቡና ላይ ሄዶ ቁጭ አለ፣ ስለ ክፍያው ምንም ሳይነሳ ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ፣ ሊወጡ ሲሉ አንዱ «የደረጃውን ነገር አትርሳ እንግዲህ» አለው። በማግሥቱ ከፈለ። ስለዚህ ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ማህበሩ መኖሩን፣ የስብሰባ መዝገብና ደረሰኝ መያዙን ጠይቁ። ሻጩ ያልከፈለው ውዝፍ ካለም ከውሉ በፊት ይዘጋ።

የገዛሁት የራሴ ነው፣ ግድግዳ አፍርሼ ሳሎኑን ማስፋት አልችልም?

የራሳችሁ የሆነው በግድግዳዎቹ መካከል ያለው ነው። የህንፃው አካል የሆነው ግድግዳ፣ ምሰሶው፣ ወለሉ የጋራ ነው። መፍረስ የሚችል ክፍልፋይ ቢሆንም ማህበሩን ማሳወቅ፣ ከከተማው ፈቃድ ማውጣትና መሐንዲስ ማማከር ይገባል። በረንዳ ዘግቶ ክፍል ማድረግ በጣም የተለመደ ነው፣ ተለመደ ማለት ግን ተፈቀደ ማለት አይደለም። ቤት ሲያድግ ክፍል ልጨምር የምትሉ ከሆነ ከመጀመሪያው ግቢ ፈልጉ።

ከተማው ዳር ከገበሬ በርካሽ ቦታ አገኘሁ፣ ልግዛ?

አትግዙ። መሬት አይሸጥም አይለወጥም ያለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ነው። ገበሬው የሚሸጥላችሁ የሌለውን መብት ነው፣ ውሉም «ባህር ዛፍ ሸጥኩለት» ወይም «ብድር ነው» ተብሎ ይጻፋል። ያ ወረቀት ፍርድ ቤት ሲቀርብ እናንተንም እሱንም አያድንም።

የጨረቃ ቤት ሠርተው ኋላ ካርታ ያገኙ ሰዎች የሉም አልልም፤ ሰው የሚያወራውም ስለ እነሱ ነው። ዶዘር የሄደባቸው አያወሩም። ልጅ ይዞ ክረምት ላይ ሜዳ መቅረትን የሚያህል ኪሳራ የለም። ገንዘባችሁ ለዚያ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የቤት ሠሪ ማህበር ተደራጅታችሁ መጠበቁ ወይም አንድ መኝታ ፎቅ መግዛቱ ይሻላል።

ነባር ይዞታና ሊዝ ሲባል ምን ማለት ነው? ለገዢ ምን ለውጥ አለው?

ለውጥ አለው፣ ብዙ ሰው ደግሞ ከከፈለ በኋላ ነው የሚሰማው። ሊዝ ማለት የመንግሥትን ቦታ ለተወሰነ ዘመን እየከፈሉ በውል መያዝ ነው። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ ቤት ዘመኑን 99 ዓመት አድርጎታል። የሊዙ ዋጋ ቢያንስ 10 በመቶው ቀድሞ ተከፍሎ ቀሪው በየዓመቱ ይከፈላል። ስለዚህ ሊዝ ቤት ስትገዙ የቀረውን ክፍያም አብራችሁ እየወረሳችሁ ነው። ስንት እንደቀረ በጽሑፍ አስወጡ።

ነባር ይዞታ ሻጩ ዓመታዊ የቦታ ኪራይ ብቻ እየከፈለ የኖረበት ነው፤ ደላላው «ነባር ነው፣ ሊዝ የለበትም» ብሎ ዋጋ ይጨምርበታል። ነገር ግን በዚሁ አዋጅ ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ተቀባዩ የሚይዘው በሊዝ ሥርዓት ነው። ሻጩ ነባር ነበር፣ እናንተ ስትገቡ ሊዝ ናችሁ። ሂሳቡን ከማዘጋጃ ቤት ሳትሰሙ ዋጋ አትቁረጡ።

ጅምር ቤት ነው፣ መሠረቱ ወጥቷል፣ ዋጋው ጥሩ ነው። ልያዘው?

ወጥመዱ እዚህ ነው። በሊዝ የተያዘ ቦታ ግንባታው ሳይጀመር ወይም በግማሽ ሳይጠናቀቅ በፈለጉት ዋጋ አይሸጥም። በ721/2004 መሠረት ዝውውሩ በሚመለከተው አካል ክትትል ይሄዳል፤ ሻጩም የሚያገኘው የከፈለውን ሊዝ ከነወለዱ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና የሊዙ መተላለፊያ ዋጋ 5 በመቶ ነው። ውርስ ሲሆን ይህ አይሠራም።

ይህን ለማምለጥ ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው። ገንዘቡን ይቀበላል፣ ውክልና ይሰጣችኋል፣ «ጨርሱትና ስም እናዛውራለን» ይላል። እናንተ በራሳችሁ ብር በሰው ስም ቤት ትሠራላችሁ። ሰውዬው ውክልናውን ቢያነሳ፣ ቢሞት ወይም የቤቱ ዋጋ ሲንር ቢያስጎመጀው በእጃችሁ ያለው ያ ወረቀት ነው። የማውቀው ሰው ጣሪያ ካለበሰ በኋላ የሻጩ ወራሾች መጥተው በሩን በራሳቸው ቁልፍ ቆልፈውበታል። ጉዳዩ አራተኛ ዓመቱን ይዟል።

ካርታው በአንድ ሰው ስም ነው፣ ብቻውን ከፈረመልኝ አይበቃም?

ባለትዳር ከሆነ አይበቃም፤ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ቤት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው፣ ሁለቱም መፈረም አለባቸው። ያላገባ ወይም የፈታ ነኝ ካለ ማስረጃውን ያምጣ። ካርታው በሟች ስም ከሆነ ወራሾቹ በፍርድ ቤት ወራሽነታቸውን አረጋግጠው፣ ስሙን ወደ ራሳቸው አዛውረው፣ ሁሉም ይፈርሙ። አንድ ውጭ አገር ያለ ወንድም ካላቸው ከሱ የመጣውን ውክልና ራሱን እዩት፤ መሸጥ የሚል ቃል ከሌለበት የሚያስተዳድር ብቻ ነው።

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ፊት ካልተረጋገጠ አይጸናም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 እንዲህ ይላል። ለፎቅም ለግቢም እኩል ነው። ከዚያ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን አረጋግጡ፣ ካርታውን ከፋይሉ ጋር አስተያዩ፣ ግቢ ከሆነ የካሬ ሜትሩን ልክ መሬት ላይ አስለኩ። እኔ የገዛሁት በካርታው 200 ካሬ ነበር፣ በሜትር ስንለካው 188 ሆነ። የቀረው 12 ካሬ ጎረቤት አጥር ውስጥ ነው፣ የሎሚ ዛፍ በቅሎበታል። ዋጋው ላይ ያንን ቀነስን፣ ሎሚውን ደግሞ ጎረቤቴ በየሳምንቱ በዘንቢል ትልክልኛለች።